ጥሩ ድንጋይ ነው ያለው ሰው

ጃቤዝ ሆልሮይድ በላምበርት ክሬቨን መቅናት የጀመረው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቀብሯል፣ ጺሙም ሸብቷል፤ ቅናቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ ኬዛያ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ታሞ የማያውቅ ቅናቱ ብቻ ነው» ትል ነበር።

ሁለቱ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። ሆርንሻው የምትባለው መንደራቸው ከዮርክሻየር ኮረብታዎች በአንዱ ወገብ ላይ፣ ከድንጋይ ካባ አፍ ላይ ተለጥፋ የቆመች ነበረች፤ አባቶቻቸውም በዚያው ካባ ጎን ለጎን ድንጋይ ሲፈነቅሉ ኖረዋል። አንድ የበጋ ወር ከከተማ አንድ አርክቴክት መጣ፤ የመንደሩን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሊያድስ ነው። ልጆቹ ሰውየው ሲለካና ሲነድፍ አይተው እነሱም የምሥራቁን መስኮት መሳል ያዙ። ላምበርት ከቄሱ በለመነው ወረቀት ላይ ሳለ። ጃቤዝ ወረቀት የሚለምንበት አፍ ስላልነበረው ከካባው በወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በጠመኔ ሳለ። የጃቤዝ ይበልጥ ነበር። መስኮቱ አናት ላይ እንደ ሐረግ የሚጠላለፉት የድንጋይ ዘንጎች በእሱ ሥዕል ላይ መገናኘት ባለባቸው ቦታ ይገናኛሉ፤ በላምበርት ላይ ግን አንዱ ዘንግ መንገድ ጠፍቶት ይቀራል። ይህን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሪ መጣና ጠፍጣፋውን ድንጋይ ከነሥዕሉ ጭኖት ሄደ። አርክቴክቱ ከምሳ ሲመለስ ያገኘው ወረቀቱን ብቻ ነው።

«ማነው ይህን የሳለው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ላምበርት።

ጃቤዝ አጠገቡ ቆሟል። አፉ በዳቦ ተሞልቷል። ዳቦውን እስኪውጥ ድረስ ሰውየው የላምበርትን ትከሻ ይዞ ወደ አባቱ ቤት እየሄደ ነበር። በሳምንቱ ላምበርት አዲስ ጫማ አድርጎ ክራግሊ ከተማ፣ አርክቴክቱ ቢሮ ገባ፤ ጃቤዝ ደግሞ መሮና መዶሻ ይዞ የካባው ዳስ ውስጥ ገባ።

ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ። ጃቤዝ ዝም ብሎ ጠራቢ ሆኖ አልቀረም፤ በሸለቆው ሁሉ እንደሱ ያለ ቅርጽ አውጪ አልነበረም። ቅጠል ከቀረጸ ነፋስ የነካው ይመስላል፤ ፊት ከቀረጸ አሁን ሊናገር ነው ያሰኛል። ይህን ሰው ሁሉ ይነግረዋል። እሱ ጆሮው የሚሰማው ግን ሌላውን ነው። ላምበርት ባንክ ነደፈ፤ ላምበርት የባቡር ጣቢያ ነደፈ፤ ላምበርት የአለቃውን ልጅ አገባ፤ ላምበርት ኢጣልያ ሄዶ የቬኒስን ቤተ መንግሥቶች ሲስል ከረመ።

«ኢጣልያ ፀሐይ መትቶት ጭንቅላቱ ተነክቷል አሉ» አለ አንድ ቀን ጃቤዝ ሻዩን እያማሰለ።

«ማነው ያለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ያልከውስ አንተ ነህ» አለች ኬዛያ። «የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ሲወራ ሰምቼ፣ ይሄ ነገር ጠረኑ የባሌ ነው ብያለሁ።»

ክራግሊም ራሷ ቀናተኛ ከተማ ነበረች። በሱፍ የከበረች ናት፤ ጎረቤቷም በሱፍ የከበረች ናት። ጎረቤቲቱ ማማ ያለው ማዘጋጃ ቤት ባቆመች ዓመት የክራግሊ ሹማምንት እንቅልፍ አጡ፤ የእኛ በሃያ ክንድ ይርዘም አሉ። ውድድር ታወጀ፤ አርክቴክቶች ስማቸውን ሳይጽፉ ንድፋቸውን ላኩ፤ ታሽጎ የመጣው ስም ሲከፈት ያሸነፈው ላምበርት ክሬቨን ሆኖ ተገኘ።

ንድፉ በገበያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሕዝብ እንዲያየው ተደረገ። ሹል ቅስቶች፣ ሽቅብ የሚሮጥ ጥቁር ጣሪያ፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ድንጋይ እየተፈራረቀ የተደረደረበት ግድግዳ፣ መሐል ላይ ደመና የሚወጋ ማማ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ አሥራ ሁለት ምስሎች የሚቆሙበት ጥልቅ በር። ጃቤዝ ሦስት ቀን ተመላልሶ አየው። የሄደው ጉድለት ፍለጋ ነበር፤ በሁለተኛው ቀንም አገኘ። ከኋላ በኩል አንዱ የጭስ ማውጫ ከጣሪያው ጫፍ አጥሮ ተስሏል፤ የምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ጭሱ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላዋል። ከሥራ በኋላ መጠጥ ቤት ለተሰበሰበው ሁሉ አወራ።

«የከንቲባው ክፍል እኮ ነው!» አለ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሰውየው እንደተጨሰ ዓሣ ጠቁሮ ነው የሚወጣው!»

ሰው ሳቀ። ጃቤዝ በሦስተኛው ቀን ሲሄድ ላምበርት ራሱ ጭስ ማውጫውን በቀይ ቀለም አስረዝሞ፣ ጎኑ ላይ «ይህ ይረዝማል» ብሎ ጽፎበት አገኘው። የዚያን ዕለት ራት አልበላም።

ሥራው ሲጀመር ጃቤዝ የጠራቢዎቹ አለቃ ሆኖ ተቀጠረ። ላምበርት መሠረቱ በሚቆፈርበት ቦታ ላይ አገኘውና እጁን ዘረጋ።

«ጃቤዝ! አንተ ነህ? ስንት ዘመን!»

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ክሬቨን» አለ ጃቤዝ። «አደሩ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮውን እንደ ዓሣ አጥንት ቧጥጣው ነው የወጣችው። በሩጫ ሲቀድመው የኖረውን፣ አንድ ኩሬ ውስጥ ራቁቱን አብሮት የዋኘውን ልጅ እርስዎ ማለት! ላምበርትም «ተው እንጂ፣ አንተ በለኝ» ሳይል ቀረ። ምናልባት አላሰበው ይሆናል። ጃቤዝ ግን ይህንንም ከሌሎቹ በደሎች ጋር አኖረው።

አሁን ስለ ድንጋዩ መናገር ያስፈልጋል። የሆርንሻው ካባ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ነበረው። የላይኛው ቡናማ ነው፤ ጠንካራ፣ በመዶሻ ሲነካ እንደ ደወል የሚጮህ፣ መሮ የሚበላ። የታችኛው ቅቤ የመሰለ፣ ለዓይን የሚያሳሳ፣ ለመሮም ገር ነው፤ ነገር ግን ውርጭና የከሰል ጭስ አይችልም። ከአሥር ከአሥራ አምስት ክረምት በኋላ ቆዳው ይነፋና ይላጣል። የመንደሩ ሰው ለከብት በረት የውስጥ ግድግዳ ያውለዋል እንጂ ለውጭ አይነካውም። ሆርንሻው የተወለደ ሁሉ ይህን ያውቃል። በዚያ ዘመን ካባውን የገዛው ትሪፔት የሚባል የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱው ራሱ ትሪፔት ነበር።

ጃቤዝ ኮሚቴው ፊት ተጠራ። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ መሐል፣ ቅቤ የመሰለው ድንጋይ እንደ ኬክ ተቀምጧል።

«ሆልሮይድ ማለት አንተ ነህ?» አለ ትሪፔት። «የካባው ልጅ ነህ አሉ።»

«ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ሚስተር ክሬቨን ስለ ድንጋዩ ካንተ አፍ ካልሰማሁ ብሏል። ይኸው፣ የታችኛው ነው። በል ተናገር፣ ሥራ አለን።»

ላምበርት ከማዶ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ ጃቤዝን አየው፤ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ብዙ አየው። ያን አስተያየት ጃቤዝ ኋላ ስንት ዓመት አመነዠከው፤ በዚያች ሰዓት ግን የገባው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ረስቶታል፣ አለ በልቡ። ጫማ አድርጎ ሄደና ረሳው! የቬኒስን ድንጋይ ያውቃል፣ አባቱ የሞተበትን ካባ አያውቅም። ታዲያ እኔ ነኝ የማስታውሰው? ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስለኔ አንዲት ቃል ተነፈሰ? እኔስ ለምን ብዬ እተነፍሳለሁ?

«ጥሩ ድንጋይ ነው ጌታዬ» አለ።

«ለውጭ ግድግዳ ይሆናል?» አለ ላምበርት። ድምፁ ቀጠን ብሎ ነበር።

«ይሆናል፣ ሚስተር ክሬቨን። እንደ ቅቤ ነው የሚቆረጠው።»

ላምበርት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ብዕሩን አነሳ። ትሪፔት ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ጃቤዝ ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ቀሎት ነበር። አሥራ አምስት ክረምት፣ አለ፤ ከዚያ ያ ማማው በሰው ሁሉ ፊት እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ ያን ጊዜ አየዋለሁ።

በሳምንቱ ላምበርት አስጠራው።

«የምዕራቡን በር ላንተ ሰጥቻለሁ» አለው። «አሥራ ሁለቱንም ምስሎች።»

«ንድፋቸውስ?»

«ንድፍ የለም። ንጉሥና ቅዱስ ማቆም ሰልችቶኛል። የዚህን ከተማ ሰው አቁምልኝ፤ ሱፍ አበጣሪ፣ ባለጋሪ፣ አጣቢ፣ ማንንም። እንደፈለግክ አድርገው።»

እንደፈለግክ አድርገው ያለው ሰው በሕይወቱ ኖሮ አያውቅም። ጃቤዝ ወጥቶ ከኖራው ዳስ ጀርባ ሄደና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው የጠበቃት ቀን መጣች፤ የመጣችው ግን በዚያ ድንጋይ ነው። አሁን ተመልሶ «አይሆንም» ቢል፣ ባለፈው ሳምንት የዋሸ ሰው ሊባል ነው፤ ሥራውን ሊያጣ፣ በሩም ለሌላ ሊሰጥ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ላምበርት ከውርደት ሊድን ነው። ይህችኛዋ ነች የከበደችው። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና መሮውን ሊስል ሄደ።

ሦስት ዓመት ቀረጸ። ድንጋዩ ጃቤዝ ያዘዘውን ሁሉ እሺ አለ። የሱፍ አበጣሪው የተጨማደደ ክርን፣ የባለጋሪው ወፍራም አውራ ጣት፣ የአጣቢዋ እርጥብ ቀሚስ፤ እጁ እንደዚያ ተከናውኖለት አያውቅም። ሌሎቹ ጠራቢዎች በምሳ ሰዓት ዳቧቸውን ይዘው መጥተው ዝም ብለው ያዩታል። እሱ ደግሞ በሠራ ቁጥር ድንጋዩን በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፤ ገና አልተነፋም፣ ገና ጊዜ አለ እያለ።

በሁለተኛው ክረምት ቀይ ትኩሳት ከተማውን አዳረሰ፤ የጃቤዝና የኬዛያ አንድያ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ታማር፣ በአምስት ቀን ውስጥ ሞተች። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን ፋብሪካ የክር ቀሰም ስትቀይር የምትውል ልጅ ነበረች። ከቀብሩ በኋላ ጃቤዝ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ኬዛያ፣

«አንድ ምስል ቀርቶሃል አይደል?» አለችው።

«አንድ ቀርቶኛል።»

«ታማርን አቁምልኝ። ቀሰሟን እንደያዘች።»

«አይ… አንጥረኛ አስቤ ነበር።»

«አንጥረኛ በየመንገዱ ሞልቷል። እሷ አንድ ነበረች።»

ጃቤዝ በማግስቱ ድንጋይ ማከማቻው ሄደ። ለመሠረት ከመጣው ቡናማ ድንጋይ አንዱን መርጦ፣ በመዶሻ ነካ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ፤ ጥርት ያለ ነው። ይህን ልውሰድ ቢል ግን አንድ ምስል ብቻ ከአሥራ አንዱ መሐል ጠቁሮ ሊቆም ነው። ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ላምበርትም ይጠይቃል። ጃቤዝ እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ። ልጁን ቅቤ በመሰለው ድንጋይ ቀረጻት፤ ከቀረጸው ሁሉ የተሻለች እሷ ሆነች። ምስሏ ወደ ቦታዋ እስክትወጣ ድረስ ኬዛያ እየመጣች ጉንጯ ላይ እጇን ታሳርፍ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ በሙዚቃና በባንዲራ ተመረቀ። ሹማምንቱ ንግግር ሲያደርጉ ላምበርት ከመሐላቸው ወጥቶ ምዕራቡ በር ጋ መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከምስል ወደ ምስል ሲያይ ቆየና አንዲት ቃል ሳይናገር ሄደ።

«አየሽው?» አለ ጃቤዝ። «ደግ ሠርተሃል ለማለት እንኳ ምላሱ ከበደው!»

«እያለቀሰ ነበር እኮ።»

«ጉንፋን ይዞት ነው።»

ክረምቶቹ መጡ። የፋብሪካው ጭስ በዝናብ እየታጠበ ግድግዳው ላይ ወረደ፤ ውርጩ ደግሞ ከሥር ገብቶ ነፋው። መጀመሪያ የባለጋሪው አውራ ጣት ሄደ። ቀጥሎ የአጣቢዋ ቀሚስ እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት አበጀና ረገፈ። ማማውም ተላጠ፤ ድንጋይ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ዙሪያውን አጥር ተደረገ። ጃቤዝ የጠበቀው ቀን ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን በላምበርት ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰው አልነበረም። «ጭሱ ነው» ይላል ሰው፤ እንዲያውም ጭስ የበዛው ፋብሪካ ስለበዛልን ነው ብሎ የሚኮራም ነበር። የሚያፍረው ጃቤዝ ብቻ ነበር፤ ወደ ሥራ ሲሄድ በምዕራቡ በር ላለማለፍ ሦስት መንገድ ይዞራል።

በአሥራ አራተኛው ክረምት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ ኬዛያ ከውጭ ገብታ መዳፏን ዘረጋችለት። የጥፍር ያህል የምትሆን ቅርፊት ይዛለች።

«የምዕራቡ በር ደረጃ ላይ አገኘኋት» አለች። «አፍንጫዋ ነው።»

«ጭሱ እኮ…»

«የጸሎት ቤታችን በር ካንተ በር በፊት ነው የተሠራው። የሚጠጣውም ያንኑ ጭስ ነው። እሱ ለምን አልተላጠም?»

ጃቤዝ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገራት፤ ኮሚቴውን፣ ላምበርት ያየውን አስተያየት፣ የመለሰውን መልስ፣ መርጦ የተወውን ቡናማ ድንጋይ። ኬዛያ ሻሿን ሳታወልቅ ቆማ ሰማች።

«ልጄን ሁለቴ ቀበርካት» አለችና ወጥታ እህቷ ቤት ሄደች። አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ስትመለስ መጀመሪያ ያለችው፣ «ነገርከው?» ነው።

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል እንዴ! ሂድና ንገረው። እስከዚያ ከኔ እጅ ምግብ አትበላም።»

ላምበርት ሚስቱ ሞታለት፣ ደረቱን እያመመው፣ ኮረብታው ላይ ራሱ በነደፈው ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። ጃቤዝ ሲገባ የደረጃው እንጨት ላይ የተቀረጸውን ወይን አየና የማይረባ ሥራ ነው ብሎ ፈረደ፤ ትንሽ ልቡን ደገፈው። ላምበርት ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ባለቀለም መስኮት ሥር ተቀምጧል።

«ዋሽቼ ነው» አለ ጃቤዝ ገና ሳይቀመጥ። «ስለ ድንጋዩ። እንደማይሆን አውቅ ነበር። በእርስዎ ቀንቼ ነው የዋሸሁት።»

ላምበርትን ሳል አጣደፈው። ከዚያ፣

«ጃቤዝ፣ እኔ የት ነው የተወለድኩት?» አለው።

«ሆርንሻው።»

«አባቴስ ምን ይሠራ ነበር?»

«ድንጋይ መፈንቀል።»

«የበረታችንን ግድግዳ በጥፍሬ እየፋቅኩ ነው ያደግኩት» አለ ላምበርት። «የታችኛውን ድንጋይ የማላውቅ መስሎህ ነበር? ትሪፔት ድንጋዬን ካልወሰድክ ሌላ አርክቴክት አላጣም አለኝ። እምቢ የምልበት ወኔ አልነበረኝም። እናም አንተን አስጠራሁ። ጃቤዝ ይጠላኛል፣ እኔን ለማዋረድ ሲል እውነቱን ያፈርጠዋል አልኩ። ክሬቨን ምንም አያውቅም፣ ይህ የበረት ድንጋይ ነው ትላለህ ብዬ አንተን አንተን ሳይ ነበር። ያን ያህል እንደምትጠላኝ አላወቅኩም። እንዲያ ካልክ በኋላማ፣ ቃልህን ይዤ ተደበቅኩበት።»

ጃቤዝ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ቀላ።

«አንተ!» አለ። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። «ስንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን የተሸከምኩት! ሚስቴ ጥላኝ የሄደችበት! እሱም ያንተ ነበር? አንተ ሰው፣ ኃጢአቴን እንኳ አትተውልኝም?»

ላምበርት ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። «ግማሹን ውሰድ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ።

«በሩንስ ለምን ሰጠኸኝ?»

«ካንተ የተሻለ ስላልነበረ ነዋ። ሌላ ምን ምክንያት አለ?»

ጃቤዝ ይህን ቃል በልጅነቱ ቢሰማው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላወቀም። አሁን ሲሰማው ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ላምበርት በዚያው ሳምንት ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ድንጋዩ መጥፎ እንደነበር አውቅ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም አለ። የጃቤዝን ስም አላነሳም። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣ። መጠጥ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ «ይሄ ነው ወንድ!» አለ፤ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ በሽታው፣ እንዲህ ያለ እውነት! ስሙን እየጠሩ ጠጡለት። ጃቤዝ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ወጣ። በማግስቱ የእሑድ ልብሱን ለብሶ ምክር ቤቱ ፊት ቀረበ።

«እኔም አለሁበት» አለ።

አዲሱ ሰብሳቢ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየው። «አንተ ማነህ?»

«ጠራቢው ነኝ። ጥሩ ድንጋይ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጻፉት።»

«ጠራቢ በድንጋይ ምርጫ ምን አገባው? ሚስተር ክሬቨን ኃላፊነቱን ወስደዋል። እናመሰግናለን፣ አባት።»

ጸሐፊው ብዕሩን እንኳ አላነሳም። ጃቤዝ ቤቱ ገብቶ ይህን ሲናገር ኬዛያ ፊቷን አዙራ ስትታገል ቆየችና ሳቋ አመለጣት። ቅርፊቷን ካገኘችበት ቀን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«ና ቁጭ በል» አለችው። «የበግ ሥጋ አለ።»

ምክር ቤቱ ክፉኛ የተበሉት ምስሎች ወርደው በሌላ እንዲተኩ ወሰነ። ጃቤዝ አንዷን ብቻ ለመነ፤ ደሞዝ አልጠይቅም አለ፤ ተፈቀደለት። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከካባው ላይኛ ክፍል ቡናማ ድንጋይ አስመጥቶ ሙሉ በጋ ታገለው። ድንጋዩ መሮውን እየመለሰ ክንዱን አዛለው። ከዚያም የባሰው ደግሞ የልጁ ፊት እየጠፋበት መሄዱ ነው፤ ኬዛያ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ታርመዋለች።

«ጉንጯ እንዲህ አልነበረም። ሞላ ይል ነበር።»

«ይሄ ድንጋይ እንደዚያኛው አይታዘዝም።»

«ቅንድቧም ይሄ አይደለም። ይቺ ትቆጣለች።»

«ድንጋዩ ነው አልኩሽ!»

«አይደለም» አለች ኬዛያ ክሯን እየሳበች። «አንተን አይታ ነው።»

ምስሏ ወጥታ ቆመች፤ ከሌሎቹ ጠቆር ብላ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። እንደ መጀመሪያዋ አላማረችም። ጃቤዝ ይህን ያውቃል፤ ማንም ሊነግረው አይችልም።

ላምበርት በዚያው ዓመት ኅዳር ሞተ። ጃቤዝ ቀብሩ ላይ ከሕዝቡ መሐል ቆሞ የተከተሉትን ሠረገላዎች ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት ነበሩ። ጋዜጣው ሁለት ዓምድ ሙሉ ጻፈለት። ጃቤዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበውና እንደገና ጀመረ።

«ምን ትፈልጋለህ እዚያ ውስጥ?» አለች ኬዛያ።

«ምንም። ሁለት ዓምድ! ለኔ ስንት መስመር የሚጽፉልኝ ይመስልሻል?»

«አንተ ስትሞት ጋዜጣ የምገዛ ይመስልሃል?»

ጠላቱ ከሞተ በኋላ ሰውየው የሚያርፍ መስሏት ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ያህል እውነትም አረፈ፤ ድንች ተከለ፤ ርግብ አረባ። በስልሳ አራት ዓመቱ ግን ገበያው አጠገብ አዲስ ፖስታ ቤት መሠራት ጀመረና ጃቤዝ በየጠዋቱ ምርኩዙን ይዞ እዚያ መቆም ያዘ። አርክቴክቱን አያውቀውም፤ ጠራቢዎቹንም አያውቃቸውም። የዘንድሮ ልጆች መሮ አያያዝ አያውቁም ይላል ላገኘው ሁሉ።

አንድ ቀን ርብራቡ ሥር አንድ ዓይን የማይስብ፣ ትከሻው የጎበጠ ጎልማሳ የዓምድ ራስ ላይ የአድባር ዛፍ ቅጠል ሲቀርጽ አየ። ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጠቅልሏል፤ ትል የበላው ቀዳዳም አለው። ጃቤዝ ቆሞ ቀረ። እሱ በዕድሜው ሁሉ ስንት ሺህ ቅጠል ሲቀርጽ ትል የበላው ቅጠል አስቦ አያውቅም። ምሳ ሳይበላ ቤቱ ገባ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አለች ኬዛያ።

«አንድ ሰውዬ አለ እዚያ።»

«እሺ?»

«መቅረጽ ይችላል።»

ኬዛያ አየችው፤ ያን ፊት ታውቀዋለች። «የፈጣሪ ያለህ» አለች፣ «እንደገና ሊጀምረው ነው።»

ጃቤዝ በማግስቱ ማልዶ ሄደ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል፤ በላዩ ትልቅ ድንጋይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወጣል። ጃቤዝ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። የአድናቆት ቃል በሕይወቱ ሙሉ ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀመር ቸግሮታል።

«ይሄ… ቅጠልህ» አለ። «ጥሩ ነው። ከኔ ይበልጣል።»

ጎልማሳው ዞር ብሎ አላየውም። ወደ ላይ አንጋጦ ሰንሰለቱን አየና፣

«አባት፣ ዘወር ይበሉ ከዚያ!» ብሎ ጮኸ። «አናትዎ ላይ ይወድቃል!»

ጃቤዝ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ምርኩዙን ተደግፎ ሰውየው ቀጣዩን ቅጠል እንዴት እንደሚጀምረው ለማየት ቆመ።